የ15 ዓመት ልጅ መብላት ትታ ሰልፍ ላይ ወደቀች፣ ክሊኒኩ «ደሟ ነጻ ነው» አለ፤ ድንገተኛ ነው ወይስ ልጠብቅ?

አክስት ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። የሚያውቅ ሰው ካለ ቶሎ ይመልስልኝ።

የእህቴ ልጅ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እኔ ጋ ሆና ደብረ ብርሃን ትማራለች። እናቷ መሃል ሜዳ ናት። ልጅቷ 15 ዓመቷ ነው፣ ጎበዝ ተማሪ ናት፣ ሩጫም ትወዳለች። ፍልሰታን ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ጾመች። ጾሙ ተፈታ፣ እሷ ግን አልፈታችም። መጀመሪያ ሥጋና ቅቤ ይቅርብኝ አለች፣ ቀጥሎ እንጀራውን ግማሽ፣ ከዚያ ሩብ፤ አሁንማ ሽሮውን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ «በላሁ» ብላ ትነሳለች። ስንቆጣት ታለቅሳለች። ማታ ማታ ጓሮ ወጥታ ገመድ ትዘላለች። ሰኔ ላይ 47 ኪሎ ነበረች፣ አሁን በጥቅምት 38 ሆናለች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ነው። የወር አበባዋ ከመጣ ሁለት ወር አልፎታል። ሁለት ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች፣ ቤተሰቡ ደግሞ «የጥቅምት ብርድ ነው» ይላል።

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ባንዲራ ሲሰቀል ወደቀች። አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ታይፎይድ፣ ጃርዲያ፣ ደም ማነስ፣ ስኳር አዩላት። «ደሟ ነጻ ነው፣ ትንሽ ጨጓራ ናት» ብለው የጨጓራ መድኃኒትና ቫይታሚን ሰጥተው መለሱን። ካርዱ ላይ የልብ ምት 44 ይላል። ይሄስ ምንድነው ብዬ ስጠይቅ «ሯጭ ስለሆነች ነው» አሉኝ።

እናቷ ቅዳሜ መጥታ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ልትወስዳት ነው። ባለቤቴ ደግሞ «አፏን ከፍታችሁ ገንፎ በቅቤ አብሏት፣ በሳምንት ሰው ትሆናለች» ይላል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። እስከ ቅዳሜ ልጠብቅ? ምግብ ላስጀምራት ብልስ በምን ልጀምር?

ነርስ፣ ድንገተኛ ክፍል

እህቴ፣ ቅዳሜን አትጠብቂ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት፣ በእግሯ ሳይሆን በባጃጅ ወይም በመኪና።

የጻፍሽው ላይ ሦስት ነገር አለ፣ አንዱ ብቻውን እንኳ ለማስተኛት በቂ ምክንያት ነው። ምቷ ቀን ላይ ነቅታ ሳለች ከ50 በታች ነው። ወድቃለች። ክብደቷም በእሷ ዕድሜና ቁመት ላለች ልጅ ከሚጠበቀው ሦስት አራተኛ በታች ወርዷል፤ መካከለኛው ወደ 51 ወይም 52 ኪሎ ነው፣ እሷ 38 ናት። በዚያ ላይ ፍጥነቱ አለ። በአራት ወር 9 ኪሎ ማለት ሰውነቷ የራሱን ጡንቻ እየበላ ነው፣ ልብም ጡንቻ ነው።

የስፖርተኛ ልብ የሚባል ነገር እውነት አለ፣ በእኛ አገር ሯጭ መካከል ምቱ ዝግ ያለ ጤነኛ ሞልቷል። ግን ጤነኛው ሯጭ ይበላል፣ ሰውነቱ ይሞቃል፣ ቆሞ ሲዘምር አይወድቅም። የተራበች ልጅ ምት የሚወርደው በሌላ ምክንያት ነው፤ እንጨት ያለቀበት ሰው እሳቱን እንደሚያዳፍን ሰውነትም የልብ ምቱን፣ ሙቀቱን፣ የደም ግፊቱን፣ የወር አበባውን አንድ በአንድ ይቀንሳል። ስለዚህ ምቷ ሳይሻላት ድንገት ቢጨምር እንኳ ደስ አይበልሽ፤ እንደዚህ በተራበ ሰው ላይ 80 ወይም 90 ማየት ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ችግር መጣ ማለት ሊሆን ይችላል።

ብርዱም ቢሆን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሁላችንም ይበርደናል፣ ግን ቴርሞሜትር ሲገባ የሁላችንም ሙቀት 36 እና 37 ነው። የእሷ ከ35.6 በታች ከሆነ የአየሩ ብርድ አይደለም።

እዚያ ስትደርሱ «ጨጓራ ነው» ተብላችሁ እንዳትመለሱ በግልጽ ተናገሪ፦ ሆን ብላ ምግብ ካቆመች ወራት ሆኗታል፣ ይህን ያህል ኪሎ ቀንሳለች፣ ወድቃለች። ተኝታ ጥቂት ደቂቃ ካረፈች በኋላ ምትና ግፊት ይለኩ፣ ከዚያ አቁመው እንደገና ይለኩ። ስትቆም የላይኛው ግፊት ከ20 በላይ ከወረደ ወይም ምቷ ተኝታ ከነበረው ከ35 በላይ ከጨመረ ከባድ ነው። ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ጠይቂ። ሌላ አንድ ቀላል ምርመራ አለ፤ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተኝታ እጇን ሳትጠቀም ቀና ብላ መቀመጥ ትችላለች? ቁጢጥ ብላ እጇን ጉልበቷ ላይ ሳታስደግፍ መነሳትስ? ካቃታት ጡንቻዋ ተጎድቷል። ይህን ቤት ውስጥ አትሞክሩ፣ ወድቃ የነበረች ልጅ ናት፣ እነሱ አጠገቧ ቆመው ያድርጉት።

«ደሟ ነጻ ነው» ስለተባለ ደግሞ አትዘናጊ። ሰውነት ደም ውስጥ ያለውን ነገር እስከ መጨረሻው ልክ አድርጎ ለማቆየት ይታገላል። የደም ውጤታቸው ሁሉ ልክ ሆኖ ልባቸው አደጋ ላይ የሆነ ልጆች አሉ።

ዲያቆን ዘሰሜን ሸዋ

ስለ ጠበሉ ልናገር፣ ምክንያቱም ቤተሰቡ የሚከራከረው እሱ ላይ ይመስለኛል።

ጠበል የሚከለክል ክርስቲያን የለም፣ እኔም አልከለክልም። ግን ልጅቷ አሁን ባለችበት ሁኔታ ጻድቃኔ ማርያም ያለችበትን የሰላ ድንጋይን ብርድ አስቡት። ሙቀቷ የወረደ ልጅ በሌሊት በቀዝቃዛ ጠበል ስትጠመቅ፣ ከዚያ እርጥብ ልብስ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ ስትቆም ልቧ ሊቋቋመው አይችልም። ባዶ ሆድ ላይ በጆግ በጆግ ጠበል መጠጣትም አለ። ምግብ በሌለበት ብዙ ውሃ ሲገባ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፣ ልጅ እስከ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ይደርሳል፤ ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው፣ ሰዉ ግን «መንፈሱ ነው የለቀቀው» እያለ ያጨበጭብ ነበር። ጠበሉን ሆስፒታል አምጡላት፣ ሐኪሙ በሚፈቅደው መጠን ትቅመስ፣ ካህን መጥቶ ይጸልይላት። ሱባኤው ሲሻላት ይደርሳል።

ጾሙንም በተመለከተ፣ የታመመ ሰው አይገደድም፤ የንስሐ አባቷ «አሁን ብዪ፣ ጾምሽ ይህ ነው» ብለው በአንደበታቸው ይንገሯት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እናትና አክስት ሺህ ጊዜ ቢለምኗት የማትሰማ ልጅ ከንስሐ አባቷ ስትሰማው ቢያንስ ጾምን እንደ መከለያ መያዟን ትተዋለች። ነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ሩቅ አይደለም፣ ከዚያ በፊት ይነገራት።

እናት፣ ሸዋ ሮቢት

እህቴ አይዞሽ። እኔም በዚህ አልፌያለሁ፣ የእኔዋ ግን ቀጭን አልነበረችም፣ ለዚያ ነው ማንም ያላመነኝ።

ትበላ ነበር፣ እንዲያውም አንዳንዴ ሌሊት ተነስታ መሶቡን ባዶ ታደርገዋለች። ከዚያ ሽንት ቤት ትገባለች፣ ቧንቧ ትከፍታለች። ጉንጮቿ አብጠው ጆሮ ደግፍ የያዛት መስላ ነበር። የእጇ መገጣጠሚያ ላይ ቁስል ነበር፣ ለካ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ስትከት ጥርሷ እየነካው ነው። ከፋርማሲም የሚያስቀምጥ ኪኒን እየገዛች ትወስድ ነበር። እግሯን ቁርጥማት ይዟት፣ ልቧ «ዘለል ዘለል» ሲልባት፣ ሁሉም «የሮቢት ሙቀት ነው፣ ውሃ ጠጪ» ይላታል። በመጨረሻ ስትመረመር በደሟ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ከ2.5 በታች ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ «በዚህ ቁጥር ልብ በማንኛውም ሰዓት ሊቆም ይችላል» አለኝ፣ ሞኒተር ላይ አስተኟት።

ይህን የምጽፈው ሌላ እናትም ታነበው ይሆናል ብዬ ነው። ክብደት ብቻ አትዩ። የምታስመልስ ልጅ፣ ኪሎዋ ልክ ሆኖ፣ ከቀጭኗ እኩል አደጋ ላይ ልትሆን ትችላለች። የአንቺዋም ታስመልስ እንደሆነ እወቂ፣ ብቻዋን ሆና በቀስታ ትጠየቅ። መሞት ትፈልጊያለሽ ወይ የሚለውንም ሳትፈሩ ጠይቋት፤ በመጠየቅ ሐሳቡ አይገባባትም፣ ካለባት ግን ሐኪሞቹ ማወቅ አለባቸው።

ጠቅላላ ሐኪም

የነርሷን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። እኔ መጻፍ የፈለግሁት ስለ ገንፎው ነው፣ ምክንያቱም የባለቤትሽ ምክር ከፍቅር የመጣ ነው፣ ግን ሊገድላት ይችላል።

ሰውነት ለወራት ከራሱ ሲበላ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የሚባሉ ማዕድናት ከሴሎቹ ውስጥ ይሟጠጣሉ። ድንገት ብዙ ገንፎ፣ ማር፣ ለስላሳ ሲገባ ኢንሱሊን በብዛት ይፈስሳል፤ ኢንሱሊኑ ስኳሩን ወደ ሴል ሲያስገባ በደም ውስጥ የቀረውን ፎስፌትና ፖታሲየም አብሮ ይጎትተዋል። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ፎስፌቱ ወርዶ ልብ ምቱ ይዛባል፣ የመተንፈሻ ጡንቻ ይደክማል፣ እግር ያብጣል፣ አንዳንዱ ይቃዣል ወይም ይንቀጠቀጣል። ሪፊዲንግ ሲንድሮም ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ይከሰታል፣ እስከ አሥር ቀን ድረስ መከታተል አለብን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከምርኮ የወጡ የተራቡ ሰዎች ምግብ ሲያገኙ ልባቸው እየደከመ የሞቱት በዚህ ነው።

የእኛ አገር ባለሙያ ለዚህ እንግዳ አይደለም። በከፍተኛ የምግብ እጥረት ለተኙ ሕፃናት መጀመሪያ ኤፍ-75 የሚባለውን የሕክምና ወተት በትንሽ በትንሹ በየሦስት ሰዓቱ እንሰጣለን፣ ሲረጋጉ ነው ወደ ኤፍ-100 ወይም ፕላምፒ ነት የምናልፈው። ምክንያቱ በመሠረቱ ይኸው ነው። ችግሩ አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች፣ ጎበዝ፣ ቤቷ እህል ያለ የ15 ዓመት ልጅ ስትመጣ ያ እውቀት ትዝ አይለንም። ስለዚህ አስታማሚዋ ብታስታውሰን ጥሩ ነው፣ አንቆጣም፣ የሚቆጣ ካለም ይቆጣ።

ግን ወደ ሌላኛው ጫፍም አንሂድ። «ሪፊዲንግን ፈርተን» ተብሎ ልጅን ለቀናት በሻይና በአጥሚት ማቆየትም ይገድላል፣ ክብደቷ ሆስፒታል ውስጥ ሆና መውረዱን ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የእንግሊዝ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ስለ እነዚህ ድንገተኛ ሁኔታዎች ያወጣው መመሪያ ይህንንም አደጋ ያነሳል። አብዛኞቹ ታዳጊዎች በቀን ከ1,400 እስከ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ጀምረው በክትትል ይጨመርላቸዋል፤ በጣም የተጎዱት፣ ማለትም ምታቸው፣ ኢሲጂያቸው ወይም ማዕድናቸው የተዛባው፣ ዝቅ ብለው ይጀምራሉ፣ በየቀኑ ደም እየታየ ቶሎ ቶሎ ይጨመራል። የት እንደምትጀምር የሚወስነው ያያት ሐኪም ነው፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ቁጥር አልሰጥሽም።

ከምግቡ በፊት ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ-1 ይሰጣት። ያለ እሱ ስኳር ብቻ ሲገባ አንጎል ሊጎዳ ይችላል። ፎስፌት ምርመራ ሁሉም ቦታ አይሠራም፤ ናሙናው ወደሚሠራበት ቤተ ሙከራ እንዲላክ ጠይቁ፣ ካልተቻለ ደግሞ ፖታሲየሙን፣ ኢሲጂውን፣ እብጠቱንና ትንፋሹን ይበልጥ በጥንቃቄ መከታተል ነው። ግሉኮስ ያለበት ፈሳሽ ዝም ብሎ በፍጥነት መስቀልም አይገባም፤ የሳሳ ልብ ብዙ ፈሳሽ አይችልም፣ ሳንባ ላይ ይሞላል።

ዛሬ ሆስፒታል እስክትደርሱ የምትቀበለውን ትንሽ ነገር ስጧት፣ ግማሽ ብርጭቆ ወተት ወይም ትንሽ ቅንጬ ይበቃል። በግድ አፍ መክፈት ግን ይቅር፣ ትን ይላታል፣ ምግቡንም ይበልጥ ትፈራዋለች።

ከዓለም ከተማ

ዶክተር፣ እኔ የምሠራው ጤና ጣቢያ ነው። ኢሲጂ የለም፣ ፖታሲየም የለም። እንዲህ ያለች ልጅ ብትመጣብኝ እስክትላክ ድረስ ምን ላድርግ? ደግሞ ክንዷን ለክቼ ልለያት እችላለሁ?

ጠቅላላ ሐኪም

ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የክንድ ዙሪያ 11.5 ሴንቲ ሜትር የሚለው ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ነው፣ ለእሷ አይሠራም፤ ክብደትና ቁመት ለካ።

ያለህ ነገር ብዙ ነው። አንድ ሙሉ ደቂቃ ምት ቁጠር፣ ግፊት ተኝታም ቆማም፣ ሙቀት፣ በጣት ደም ስኳር። ስኳሩ ከ54 ሚሊ ግራም በታች ከሆነና ልጅቷ ነቅታ መዋጥ ከቻለች በአፏ ስኳር ያለው ነገር ስጥ፣ ወዲያው ትንሽ ምግብ አስከትል። 40 በመቶ ግሉኮሱን ለነቃች ልጅ ለመውጋት አትቸኩል፤ ጉበቷ ውስጥ የተጠራቀመ ስኳር ስለሌላት ኢንሱሊኑ ሲነሳ ተመልሶ ይወርድባታል። ራሷን ከሳተች ግን መስጠት አለብህ፣ ታያሚን ካለህ አብረህ፣ ከዚያም እስክትላክ ድረስ ስኳሩን በየጊዜው እንደገና ለካ። አሙቃት፣ ግን ብርድ ልብስና ሙቅ ክፍል እንጂ እሳት ዳር አይደለም። አምቡላንስ ጥራ። መሽቷል ተብሎ «ነገ ሂጂ» አይባልም። የሪፈር ወረቀቱ ላይ «የጨጓራ ሕመም» ብለህ አትጻፍ፤ ምግብ ማቆሟን፣ የኪሎውን ቁጥር፣ ምቷን ጻፍ፣ የሚቀበላት ሰው በዚያ ነው የሚያስቀድማት።

አክስት ከደብረ ብርሃን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያነበብኩ ዕለት ማታውኑ ወሰድኳት። ተኝታ ምቷ 41፣ ስትቆም 84። ሙቀቷ 35.1 ሆነ። ስኳሯ 58። ኢሲጂ ተነሳች፣ አስተኟት፣ ሞኒተር አድርገውላታል። የላካችሁልኝን አንብቤ ስለ ታያሚኑና ስለ ፎስፌቱ ስጠይቅ ሐኪሟ ደስ ብሎት ነው ያስረዳኝ። እናቷም ከመሃል ሜዳ መጥታለች፣ ጠበሉን በትንሽ ጠርሙስ ይዛ።

አሁን የከበደኝ ልጅቷ አትናገረኝም። «አታለልሽኝ» ትላለች። ምግብ ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ስትበላ ምን ልበላት? ቶሎስ ትወጣለች?

ነርስ፣ ድንገተኛ ክፍል

እንኳን ወሰድሻት! ቁጥሮቹ በትክክል የድንገተኛ ናቸው።

ቁጣዋን ለራስሽ አታድርጊው። አሁን የሚናገረው አብዛኛው ረሃቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ 36 ጤነኛ ወንዶች ፈቅደው ለወራት ምግብ ተቀንሶባቸው ተጠንተው ነበር፤ በራሳቸው ላይ ምንም የአእምሮ ሕመም ሳይኖር ነጭናጫ፣ ብርዳም፣ ቀንና ሌሊት ስለ ምግብ ብቻ የሚያስቡ፣ ከሰው የሚሸሹ ሆኑ፣ ምታቸውም ወረደ። ስለዚህ አንጎሏ ራሱ እስኪመገብ ድረስ በክርክር አታሸንፊያትም። ምግብ ሲመጣ ከእናቷ ጋር ተፈራርቃችሁ አጠገቧ ተቀመጡ፣ እናንተም ጉረሱ፣ ስለ ሌላ ነገር አውሩ። «በጣም ከሳሽ» አይባልም፣ «አሁን ወፈር አልሽ፣ ፊትሽ መጣ» ደግሞ ጭራሽ አይባልም፣ ጠያቂ ዘመዶችን በር ላይ ጠብቀሽ ንገሪያቸው። «ይህ መድኃኒትሽ ነው፣ እዚህ ነኝ» ይበቃል። ካልጨረሰች አትጩሁ፣ ለነርሷ ንገሩ፣ በፈሳሽ ይተካል፤ ጨርሶ እምቢ ካለች በአፍንጫ ቱቦ ሊሰጣት ይችላል፣ ያኔም ቅጣት እንዳይመስላት አስረዷት።

ከበላች በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ሽንት ቤት ብቻዋን አትሂድ። ጠዋት ሚዛን ላይ ከመውጣቷ በፊት ውሃ በብዛት እንዳትጠጣ፣ ጋቢዋ ውስጥም የከበደ ነገር እንዳይኖር ተመልከቱ፣ ብዙ ልጆች ያደርጉታል፣ ከፍርሃት ነው። አልጋ ላይ እግሯን እያነሳች እየጣለች ስፖርት የምትሠራም አለች። ደረጃ መውጣት፣ ኮሪደር ለኮሪደር መመላለስ ለጊዜው የለም።

መቼ ትወጣለች ላልሽው፣ ሁለት ኪሎ ስለጨመረች ብቻ አያስወጧት። ምቷ ሌሊትም ሲስተካከል፣ ስትነሳ ማዞሩ ሲቀር፣ ማዕድኖቿ ያለ ተጨማሪ መድኃኒት ልክ ሲሆኑ፣ ምግቡን ቤት ውስጥ የሚያበላት ሰው ሲኖር ነው። ለእንዲህ ያለው ምግብ የመተው ሕመም በእሷ ዕድሜ መጀመሪያ የሚመከረው ሕክምና ወላጆች ለጊዜው የምግቡን ውሳኔ ሁሉ ከእጇ ወስደው ምን፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚለውን እነሱ የሚይዙበት ነው፤ እናቷ የመጣችው ለዚህ ነው፣ መልሰሽ እንዳትሸኛት። ከመውጣቷ በፊት የሥነ አእምሮ ባለሙያ ይያት፣ እዚያው ካልተሳካ አዲስ አበባ አማኑኤል እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ፣ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ትምህርት ቤቱም የስፖርት ክፍለ ጊዜ እንዳያስገባት የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋችኋል።

ዛሬ ምግብ ከጀመረች ሁለተኛ ቀኗ ከሆነ ፎስፌቱ የሚወርድበት ጊዜ አሁን ነው። ነገ ጠዋት ደም መወሰዱን ሳታረጋግጪ አትተኚ፣ እግሯ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ሌሊትም ቢሆን ጥሪያቸው። ውጤቱን እዚህ ጻፊልን።